የሩሩ ሣር

በአንድ ወቅት አንድ ገበሬ ሰዓት ጠየቀኝ፤ እኔም ዋሸሁት። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አርባ አራት ሞልቶኛል። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። ልፈርደው ያልቻልኩት አንድ ነገር አለ፤ ሰምታችሁ እናንተ ተከራከሩበት።

ዋንዛ በርና ሸምበቆ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ዋንዛ በር ዳገቱ ላይ ነው፤ ሸምበቆ ወደ ቆላው ዝቅ ብሎ ነው። በመካከላቸው ሜዳ አለ፤ በሜዳው ዳር ደግሞ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት። በገና ዕለት የአካባቢው መንደሮች ሁሉ ገና ይጫወታሉ፤ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩሩን፣ ማለት የእንጨት ኳሱን፣ እየመቱ ከተጋጣሚው መስመር ያሳልፋሉ። ብርቱዎቹ መንደሮች ብርቱዎቹን ይገጥማሉ። ዋንዛ በርንና ሸምበቆን ግን የሚፈልጋቸው ስላልነበረ የሚጋጠሙት ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው ነው። የዋንዛ በር ጉልበተኞች ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ሄደዋል። ሸምበቆም ቁጥር ለመሙላት ወገቡን የሚያመውን ሰው ሳይቀር ያሰልፋል። ጎረቤቶቻቸው «ሁለት መላጣ በሚዶ ተጣላ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ለእነሱ ግን ቀልድ አልነበረም። ከሜዳው አጠገብ፣ ከክረምት መውጫ ጀምሮ ከብት የማይደርስበት ጥብቅ ሣር አለ። በልማዳቸው ያሸነፈው መንደር ይህን ሣር ከተጫዋቾቹ ለአንዱ ብቻ ይሰጣል፤ «የሩሩ ሣር» ይሉታል። አይከፋፈልም፤ ለሁለት ከተከፈለ አንድም በሬ በጋውን አያሻግርምና። እኩል ከወጡ ደግሞ ሣሩ ባለፈው ዓመት ባለቤቱ እጅ ይቆያል። ያን ዓመት ባለቤቱ የሸምበቆው ባየልኝ ነበር። ባየልኝ ባለ አንድ በሬ ነው፤ የሚያርሰው ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው።

ጨዋታው ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተጀመረ። ዳኛው አያ ስንሻው ነበሩ፤ ከሁለቱም መንደር ያልሆኑ፣ ሲናገሩ ማዶ የሚሰሙ ሽማግሌ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣምና ስድቡ ከሩሩ እኩል ይወረወራል። ዋንዛ በሮች ቀድመው አንድ ግብ ሲያገቡ እንዲህ ብለው ጨፈሩ፦

ሸምበቆ ሸምበቆ ውስጡ ባዶ ነው፤
ነፋስ ሲያፏጭበት ዘፈን መሰለው።

ሸምበቆዎች ብዙም ሳይቆዩ አንድ ለአንድ አደረጉና መለሱላቸው፦

ዋንዛ በር ዋንዛ በር ጥላው እንዴት ያምራል፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተኝቶበት ያድራል።

ዋንዛ በር ካሸነፈ ዘጠኝ ዓመት ማለፉ ነው። አያ ስንሻው ራሳቸው ሳቁ። ተሰዳቢዎቹም ሳቁ፤ ግን ከዚያ በኋላ ዱላቸው ጠነከረ።

ዘጠኝ ተኩል ገደማ ሰማዩ ተገለበጠ። በታኅሣሥ መጨረሻ ዝናብ ማን ይጠብቃል? ሸምበቆዎች ቆላ ስለሆኑ እህላቸውን ወቅተው ከጎተራ አስገብተዋል። የዋንዛ በር ጤፍ ግን ገና ክምር ላይ ነበር። ዋንዛ በሮች ዱላቸውን ጥለው ወደየአውድማቸው ሮጡ፤ የቀረነው ትምህርት ቤቱ ጣራ ሥር ተጠለልን። ሩሩን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሲያባራ አያ ስንሻው የሽማግሌዎቹን ሸንጎ ሳይጠሩ፣ ዳገቱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ፍርዳቸውን ሰጡ። ሌላ ጊዜ ጨዋታው የሚያልቀው ፀሐይ ከጋራው ላይ ስትቀመጥ ነው፤ ያን ቀን ግን ፀሐይ የት እንዳለች አይታወቅም ነበር። የሚሠራ የእጅ ሰዓት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ አንድ ይጫወታሉ፣ ልክ በአሥራ አንድ መምህርት ፊሽካ ትነፋለች፣ ስምንት ሰው ያላሰለፈ መንደር ተሸንፏል አሉ። ሩሩም የማይለወጥ ነው፤ ገና በተጀመረበት ሩር ይጨረሳል፣ ከጠፋም እኩል ወጥተዋል ማለት ነው። ይህ ከአባቶቻቸው የመጣ ደንብ ስለሆነ የተቃወመ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ሦስት የዋንዛ በር ሰዎች ሦስት ነገር አደረጉ፤ የመጀመሪያው ልየው ነው። ከአውድማው ቀድሞ ሲመለስ ሩሩ ከሜዳው ዳር ባለው ቦረቦር ውስጥ በጎርፍ እየተንከባለለ ሲሄድ አየ። ሸምበቆዎችም አይተውታል፤ ግን ሩሩ ቢጠፋ ሣሩ የእነሱው ነውና አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ልየው በዳር በዳር ሮጦ ቀደመውና ጎርፉ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ሩሩን በደረቱ ታቅፎ ነበር፤ ጉልበቱን ግን ድንጋይ መትቶት መቆም አቃተው። ከአጠገቤ አስቀመጡት። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነበርና ነጠላዬን ደረብኩለት።

ሁለተኛው ፈንታሁን ነው። ሰማዩ ገና ጥቁር ነበር፤ ዝናቡ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ከዋንዛ በር ሰዎች ክምሩን ትቶ ለጨዋታ የሚወርድ ጠፋ። ፈንታሁን ከአውድማ አውድማ እየዞረ «ክምራችሁን ለእኔ ተዉት፤ እናንተ ውረዱ» አላቸው። አንዱ፣ ለሚስቱ እንኳ ታዞ የማያውቅ ሰው ለስምንት ቤት ሊታዘዝ ነው ወይ ብሎ ቀለደበት። ወረዱ ግን። ፈንታሁን ሸራም ሰሌንም የበሬ ቆዳም እየተሸከመ፣ ድንጋይ እየጫነ፣ የስምንቱን ሰዎች ክምር አንድ በአንድ ሸፈነ። የራሱን ለመጨረሻ አቆየው። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ የእሱ ክምር ራቁቱን ነበር። ጤፉ በቀለ፤ ጭዱም ሻገተ።

ሦስተኛው ምንይችል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ማንም በሌለበት መስመር ፊት ለፊት ሩሩን ስቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሠርግም በለቅሶም ይነሳበታል። ያን ቀን ሌሎቹ ጭቃው መሐል ሲተራመሱ እሱ ብቻውን ወደ ዳር ወጥቶ፣ ውሃ ያልያዘ ድንጋያማ ቦታ መርጦ ቆመ። ጓደኞቹ ምን ይገትርሃል፣ ሠርግ ነው ወይ የመጣኸው እያሉ ጮሁበት። እሱ ዱላውን አስተካክሎ ይዞ ጠበቀ። ሩሩ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እሱ መጣ። ከሜዳው አጋማሽ መታው፤ ሩሩም ጭቃውን ሳይነካ በባየልኝ ትከሻ አጠገብ መስመሩን አለፈ።

እኔ ፊሽካዬን የነፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ምንይችል ከመምታቱ በፊት ባየልኝ ከመስመሩ ላይ ሆኖ ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

«መምህርት፣ አልደረሰም?»

ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ሆኖ አንድ ደቂቃ አልፎታል።

«አልደረሰም» አልኩት።

ባየልኝ ራሱን ነቅንቆ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ከዚያ ሌላ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው ሩሩ ያለፈው።

ለምን ዋሸሽ ብትሉኝ፣ ልየው ከአጠገቤ ጉልበቱን ይዞ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት ያለ አሸናፊ ሲያልቅ ማየት አልፈለግሁም። ሁለት ደቂቃ ማንን ይጎዳል አልኩ። በጊዜው ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ሦስቱም ሣሩን ጠየቁ፤ ሦስቱም ያለ እፍረት ጠየቁ።

ልየው ዱላ ተመርኩዞ ተነሳ። በዚህ እግሩ ሌላ ቦታ ሄዶ ሣር ሊያጭድ እንደማይችል ተናገረና «ሩሩ ባይኖር ምን ትመቱ ነበር?» ብሎ ተቀመጠ።

ፈንታሁን በዝናብ የራሰውን ጤፍ በእፍኙ ይዞ መጥቶ ነበር። ለሽማግሌዎቹ እያዞረ አሳየ። ለበሬዎቹ የሚሰጠው ጭድ እንደሌለው፣ ይህም የሆነው የሌላውን ሲሸፍን እንደሆነ ተናገረ። «ሩሩስ ነበረ። እኔ ባልኖር ግን የሚመታው ሰው አልነበረም።»

ምንይችል አልተነሳም፤ ከተቀመጠበት ሆኖ ነው የተናገረው። «ሩርም ነበረ፣ ሰውም ነበረ። ግብ ግን አልነበረም።» ከዚያም ሣሩ ለመቺ እንጂ ለዋናተኛና ለክዳን ሠሪ ተሰጥቶ እንደማያውቅ ጨመረበት። ሰዉ ሳቀ፤ ፈንታሁን ሳይቀር ሳቀ። ነገሩ ግን በሳቅ አልተፈታም። አንዱ ሽማግሌ ለልየው ሲያደላ ሌላው ለፈንታሁን ያደላል፤ ሦስተኛው ደንብ ደንብ ነው ይላል።

በዚህ መካከል ከሸምበቆ የመጣ አንድ ጎልማሳ፣ የትናንቱ ግማሽ ሰዓት ለእሱ እንደረዘመበት አጉረመረመ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ልናገር ነበር ብዬ እዚህ አልዋሻችሁም፤ ልናገር አልነበረም። ከኋላ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ የነበረው ባየልኝ ቀደመኝ።

«ጠይቄያታለሁ። አልደረሰም ብላኛለች» አለ። «መምህርት ትዋሻለች እንዴ? ይልቅ እነዚህን ሰዎች ገላግሏቸው።»

ጎልማሳው ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ይቅርታውን ተቀበልኩ።

አያ ስንሻው ዞር አሉና «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሁሉንም ቁጭ ብለሽ አይተሻል። ለማን ትያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። የእኔን ያህል የሚያውቅ ሰው በዚያ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ፈረዱ፤ ሣሩንም ከሦስቱ ለአንዱ ሰጡት። ለማን እንደሰጡት አልነግራችሁም፤ እነሱ የፈረዱት እኔ የደበቅሁትን ሳያውቁ ነውና ፍርዳቸው አይመራችሁ። የምነግራችሁ የባየልኝን ነው። በሬው በጋውን ሣር ሳያገኝ ከረመ። በሰኔ፣ እርሻ ሲደርስ፣ አብሮት የሚቀናጀው ሰው አጥንቱ የወጣ በሬ ከእኔ በሬ ጋር አይጠመድም አለው። ባየልኝ መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጠ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሻንጣዬን ከእጄ ወስዶ እስከ መኪናው ተሸከመልኝ፤ በመስከረም እንድመለስ ለመነኝ፣ ልጆቹ ይወዱሻል አለኝ። ዝውውር ጠይቄ እንደነበር አልነገርኩትም። አልተመለስኩም።

እንግዲህ ፍረዱ። ደንቡን ከያዛችሁ፣ ጨዋታው በአሥራ አንድ ሰዓት አንድ ለአንድ አልቋል፤ ሣሩም የባየልኝ ነው። ግን ልየው ጎርፍ ውስጥ ሲገባ፣ ፈንታሁን የራሱን ክምር ሲተው፣ ምንይችልም ሲመታ፣ አንዳቸውም አልዋሹም። እኔ ስላጠፋሁ እነሱ ይቀጡ? ደግሞ እነሱ ስለለፉ፣ ቃሌን ያመነው ሰው ይቀጣ? የባየልኝ አይደለም ካላችሁ ደግሞ ከሦስቱ የማን ነው፦ ሩሩን ያመጣው፣ ሰዎቹን ያመጣው ወይስ ግቡን ያመጣው? ሣሩ አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል። ለማን ይገባ ነበር?

እናንተ እስክትፈርዱ እኔ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። በድያለሁ፤ ይቅር በሉኝ።