ከሺህ ክረምት አራቱ

አንድ ሥራው ያሰለቸው ቀማሪ ነበር፤ ስሙ ልሳነወርቅ። በየዓመቱ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ መጪው ክረምት የንጉሡን ግድብ ሞልቶ የማለፍ ዕድሉ ስንት ነው?

የሚጠቀምበት ስሌት ያልተሟላ ጋማ ይባላል። እንዲህ የተባለው ሁሉንም ሳይሆን እስከ አንድ ምልክት ድረስ ያለውን ብቻ ስለሚደምር ነው። ልሳነወርቅ ምልክቱን የግድቡ አፍ ላይ ያደርግና ከታች ጀምሮ የክረምቶችን ድርሻ ይደምራል። ድምሩን ከአንድ ሲቀንስ የሚቀረው፣ ግድቡን የሚያልፈው ክረምት ድርሻ ነው። የሚቀምርበት ሰሌዳ ግን ፊት ያሉትን ዜሮዎች ሳይቆጥር ለአንድ ቁጥር ከሁለት አሃዝ በላይ አይችልም። ድምሩ ለአንድ ጥቂት ሲጎድለው ሰሌዳው «አንድ» ይላል። አንድ ከአንድ ሲቀነስ ዜሮ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ዜሮ ጻፈ። ንጉሡም ዜሮውን አምነው ሦስት መቶ አባወራ ከግድቡ ሥር እንዲሰፍር አዋጅ አስነገሩ።

በሰፈራው ሳምንት ዘርፌ የምትባል ገበሬ ከተራራው ወርዳ የልሳነወርቅን በር አንኳኳች። አምስት ልጆች አሏት፤ መሬቷ ድንጋይ ነው።

«ጌታው፣ ዜሮ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎርፉ አይመጣም ማለትዎ ነው ወይስ አላየሁትም?»

«እባክሽ ደክሞኛል። ሰሌዳው ያለው ይህንኑ ነው።»

«የደከመዎትስ እርስዎ ነዎት። ጎርፉም ደክሞት ከሆነ ይንገሩኝና ልጆቼን ይዤ ልውረድ።»

ልሳነወርቅ ተመልሶ ሰሌዳው ፊት ተቀመጠ። ለሩቅ ምልክት የሚሆን ሌላ መንገድ እንዳለ ያውቃል፤ ረጅም ስለሆነ ትቶት ነው። በማካፈል ውስጥ ማካፈል፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ማካፈል እየሠሩ፣ የሚያልፈውን ብቻ በቀጥታ ማስላት ነው። በዚህኛው መንገድ ከአንድ የሚቀነስ ነገር የለም። ሁለት ቀን ፈጀበት። መልሱ ከዜሮዎቹ ቀጥሎ አንድ አሃዝ ብቻ ነበርና ሰሌዳው ቻለው፦ ከሺህ ክረምት አራቱ ግድቡን ያልፋሉ። ከግድቡ ሥር ሃምሳ ዓመት ለሚኖር ሰው ጎርፉ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አሥራ ስምንት ገደማ ነው።

ቁጥሩን ይዞ ንጉሡ ፊት ቀረበ።

«አሥራ አንድ ዓመት ስትዋሸኝ ኖረሃላ!» አሉት።

«አልዋሸሁም ጃንሆይ። ሳልቆጥር ጻፍኩ። እሱም ቢሆን ከውሸት አይሻልም።»

ንጉሡ ሹመቱን ገፈፉት፤ አዋጁን ግን አልሻሩም። ልሳነወርቅ ዕቃውን ተሸክሞ ሲወጣ በዘርፌ በኩል አልፎ ሁለቱንም ቁጥሮች ነገራት። ዘርፌ አሰበችበት። እርሻዋን ከግድቡ ሥር ወሰደች፤ ቤቷን ተራራው ላይ ተወች። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ልጆቿን አስከትላ የአንድ ሰዓት ዳገት ትወጣለች።

ዘጠኝ ክረምት አለፈ፤ ጎርፉ አልመጣም። ይህ ቁጥሩን ሐሰት አያደርገውም፤ ቢመጣ ኖሮም እውነት አያደርገውም ነበር። ጎረቤቶቿ ግን ይስቁባታል።

«ዘርፌ፣ ጎርፉ ለዛሬ ቀጥሮሽ ነው የምትሮጪው?»

«ቀጠሮ ቢኖረውማ እኔም እዚሁ አድር ነበር» ትላለች፤ ዳገቱንም ትያያዘዋለች።

ትልቁን ነገር ቆጥረን ስንጨርስ የተረፈውን ትንሽ ነገር «የለም» እንላለን። ትንሹ ግን የጠፋው ከዓለም ሳይሆን ከሰሌዳችን ነው። ልናውቀው ከፈለግን ራሱን መቁጠር አለብን፤ ሥራው ቢረዝምም፣ ቢያደክምም።

እርስዎስ በሕይወትዎ «ምንም የለም» ያሉትን ነገር ቆጥረውታል ወይስ ቀንሰው ነው ያገኙት?