ቴሌስኮፑና የዘበኛው መነጽር

በአንዲት የደጋ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ የሰማይ መመልከቻ ሊገዛ አሰበ። መምህራኑ ለየክፍሉ አንዳንድ የእጅ መነጽር ይሻላል አሉ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ኢንጂነር ወርቅአፈራሁ ግን፣ "እኔ ቤት እንዳለው ያለ አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይገዛ!" ብለው ድርቅ አሉ።

ሰውን በዓይኑ አሳይተው ለማሳመን ቴሌስኮፓቸውን በሁለት ሰው አሸክመው መጡ። ጀምበር ስትጠልቅ ወላጁም ተማሪውም ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ኢንጂነሩ ብሎን ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ፣ ቱቦውን ያዞራሉ፤ ጨረቃ ግን አልገኝላቸው አለች። በዚህ መሀል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በውትድርና ዘመኑ የያዘውን አሮጌ መነጽር አውጥቶ፣ የጨረቃን ጉድጓዶች ለልጆቹ በየተራ ያሳያቸው ጀመር።

ኢንጂነሩ የልጆቹን የደስታ ጫጫታ ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ዘበኛውን መሀል ሜዳ ጠርተው፣ "እስቲ በሰው ፊት ተናገር! ከኔ ቴሌስኮፕና ካንተ ቅራቅንቦ የቱ ይበልጣል?" አሉት።

ዘበኛው "የኔ" ቢል ሥራውን ሊያጣ ነው፤ "የእርስዎ" ቢል ደግሞ ልጆቹ ለየክፍላቸው የታሰበውን መነጽር ሊያጡ ነው።

ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ።

"ኧረ የእርስዎ ይበልጣል፣ ጌታዬ! የኔ የሚያሳየው ሰማዩን ብቻ ነው፤ የእርስዎ ግን ባለቤቱን ለሕዝብ ያሳያል። እንዲህ ያለው ለከተማችን አንድ ይበቃል። ለልጆቹ ያው ሰማይ የሚያሳየው ይገዛላቸው።"