ዓሣው ከየት መጣ

አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበረ። እታለም፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፣ እየመለስኩልሽ ነው፤ ዝም ብለሽ ስሚ።

የሚኖረው ጨው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። የዚያ አገር ሰው መረብ ከመጣሉ በፊት መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ይነክርና እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ዓሣ ካለ ይሰማዋል፤ ሲያጉረመርም፣ ሲቆረጣጥም። ከሌለ ወደ ቤት ነው።

እና አንድ ሀብታም መጣና ባሕሩ ውስጥ በንፋስ መብራት የሚያመነጭ ምሰሶ መትከል ጀመረ። ያ ሁሉ ብረት በመዶሻ ሲቀጠቀጥ አስቢው። ሰውዬው መቅዘፊያውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ የሚሰማው መዶሻ ብቻ። ዓሣው ሸሸ። ሰውዬው ሀብታሙን ሲራገም ከረመ።

ተከላው አለቀ፣ ጸጥ አለ። ምሰሶው ሥር የተከመረው ድንጋይ አረንጓዴ ለበሰ፣ ዛጎል ያዘ፣ ዓሣው ይጎርፍ ጀመር። አሁን ደሞ ሀብታሙን ምርቃት በምርቃት አደረገው። «ባሕሩ ወለደ» እያለ መንደሩን አዳረሰ።

የሚስቱ ወንድም ከወዲያኛው ጠረፍ በጀልባ መጣ።

«እንኳን ደስ ያለህ አትለኝም እንዴ?» አለው አጥማጁ።

«ና ተሳፈር» አለው።

ወስዶ ወስዶ ራሱ የሚያጠምድበት ቦታ ላይ አቆመውና መቅዘፊያውን አቀበለው። «ስማ።»

ሰማ። ጆሮውን ቀይሮ ሰማ። ምንም የለም።

«እዚህ የነበረው የት ሄደ?»

«አንተ ጋ ነዋ። ወለደ የምትለው የእኔን ዓሣ ነው። እኔ ልጆቼን ምን ላብላ?»

ሰውዬው መቅዘፊያውን ከጆሮው ማውረድ አቃተው።

ይኸው። ምሰሶ ተካዮቹ ቀጠሩሽ፣ ምሰሶው ሥር ጠልቀሽ አየሽ፣ ዓሣ ሞልቷል። ነገ ስብሰባ ላይ ዓሣ አጥማጆቹን «በዝቶላችኋል» ልበላቸው ወይ ነው ያልሽኝ። እኔን የሚያናድደኝ እኮ ይሄ ነው። ምሰሶው ይቅር አላልኩም፤ መብራት እኔም እፈልጋለሁ። እውነትም ተወልዶ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ግን አንቺም አታውቂም። ያ አጥማጅ ማለት አንቺ ነሽ፤ ዓሣው የመጣበትን ጠረፍ ሳታዪ የደረሰበትን አይተሽ ደስ ብሎሻል። ነገ ከሩቅ ጠረፍ የሚመጡት ኋላ ነው የሚቀመጡት፣ ዝም ነው የሚሉት። ስብሰባው ላይ አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት እነሱ ጋ ሂጂና «መረባችሁ እንዴት ነው» በያቸው። የሚሉሽን ሰምተሽ፣ ከቻልሽ፣ ያኔ «በዝቶላችኋል» በያቸው።