የፍሬሕይወት ፊትና የወይዘሮ ዘምዘም ባሕር ዛፍ

ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ እኔም ቁጭ ልበል፣ ጉልበቴ አልቋል። ይህ ተረት የሆነው ደሴ ነው። ደሴ ደግሞ ዳገት ነው፤ ዳገቱን የወጣሁትም የወረድኩትም እኔው ነኝ።

ባለቤቴ አስካለ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። ልጃችን ፍሬሕይወት አዲስ አበባ ነው የምትሠራው፤ በቴሌቪዥን የቀን ዜና ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ናት። በስክሪኑ ጥግ፣ የክብሪት ቀፎ በምታህል ሳጥን ውስጥ ትቆማለች። እጇ ይታያል፣ ፊቷ ግን ጭጋግ ነው። ስንደውልላት «ደህና ነኝ እማዬ» ትላለች፤ እናት ይህን መች ታምናለች? «ከስታለች ወይስ አልከሳችም? ፊቷን ልየው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግ» አለች አስካለ። ቴሌቪዥኑን ራሷ ፍሬሕይወት ናት ከስድስት ዓመት በፊት በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችልን። አስካለ በዳንቴል ትሸፍነዋለች፣ በየጠዋቱ ትወለውለዋለች፣ እኔን እንኳ አታስነካኝም።

ፒያሳ ወርጄ የቴሌቪዥን ነጋዴው ኢንድሪስ ሱቅ ገባሁ። ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አበራልኝ፤ አንዱ ተራ፣ አንዱ ፎርኬ የሚሉት፣ ምስሉ የጠራ፣ ዋጋውም በግማሽ የሚበልጥ።

«ጭማሪው ያዋጣል?» አልኩት።

«የልጅዎን ቅንድብ ይቆጥሩበታል ጋሼ!» አለና፣ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ራሱን አከከ። «ግን ሪሲቨርዎ አሮጌ ከሆነ ብርዎን መጣል ነው።»

ዳገቱን ወጣሁ። ሪሲቨሩ ካላጠራ ፎርኬው አይገዛም፤ ፎርኬው ካልተገዛ አስካለ የልጇን ፊት አታይም።

«ታዲያ፣ ከስታለች?» አለችኝ በር ላይ።

«ገና ነው» አልኳት።

ዲሽ ሠሪው በላቸው ጣሪያ ላይ ወጣ፤ መሰላል ያዡ እኔ። «ሪሲቨሩ ምን ያድርግ? ዲሹ አይስብለትም» አለ ከላይ ሆኖ። «የጎረቤትዎ ባሕር ዛፍ ፊቱ ላይ ተገትሮ!» ወረደ፣ የድካሙን ተቀበለ፣ ሄደ። የእኔን ድካም የጠየቀ የለም። ዛፉ ካልተቆረጠ ዲሹ አይስብም፤ ዲሹ ካልሳበ ሪሲቨሩ አያጠራም፤ ሪሲቨሩ ካላጠራ ፎርኬው አይገዛም፤ ፎርኬው ካልተገዛ አስካለ የልጇን ፊት አታይም።

«ከስታለች?»

«አስካለ፣ እባክሽ ልቀመጥ!»

አላስቀመጠችኝም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘምዘም ዘንድ ሄድኩ።

«ዛፌን?» አለች። «ሟቹ ባሌ የተከለውን? የእናንተ ቴሌቪዥን የታመመው በእኔ ዛፍ መሆኑን በዓይኔ ሳላይ ቅጠሉን አላስነካም።»

ይኸው እንግዲህ። ዘምዘም ካላየች ዛፉ አይቆረጥም፤ ዛፉ ካልተቆረጠ ዲሹ አይስብም፤ ዲሹ ካልሳበ ሪሲቨሩ አያጠራም፤ ሪሲቨሩ ካላጠራ ፎርኬው አይገዛም፤ ፎርኬው ካልተገዛ አስካለ የልጇን ፊት አታይም፤ እኔም አልቀመጥም።

ዘምዘም ለቀኑ ዜና እኛ ቤት መጣች። አስካለ ዳንቴሉን አነሳች። ዘምዘም ተጠግታ አየች፣ ጎንበስ አለች፣ በጣቷ ነካችው።

«ተይ፣ አትንኪው!» ጮኸች አስካለ።

«አስኩ፣ ይሄ ላስቲክ ምንድነው?»

«ከፋብሪካ የመጣበት ነው። ልጄ የገዛችው ዕቃ፣ አዲስ እንደሆነ ይቆይ ብዬ…»

ስድስት ዓመት ስትወለውለው ተጭሮ ተጭሮ ደፍርሷል። እኔም ስድስት ዓመት ፊት ለፊቱ ስቀመጥ የቴሌቪዥኑ ቆዳ ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ። ዘምዘም ጥጉን በጥፍሯ ያዘችና ጠረረረ አደረገችው።

ላስቲኩ ተላጠ፤ ዘምዘም አየች፤ ዛፉ ሳይቆረጥ ቆመ፤ ዲሹ ባለበት ሳበ፤ ሪሲቨሩ በእርጅናው አጠራ፤ ፎርኬው ኢንድሪስ ሱቅ ቀረ፤ አስካለም የልጇን ፊት አየች።

ዜናው እስኪያልቅ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

«አልከሳችም» አለች በመጨረሻ። እፎይ አልኩ። «ግን ደክሟታል። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እኔ ላስቲክ ስጠብቅ ልጄ ደከመች» አለችና አለቀሰች።

ለፎርኬው ያሰብኩት ብር ሁለት የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት ገዛ። ይህን የማወራችሁ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ነው፤ አስካለ አጠገቤ የዳቦ ቆሎ ከረጢት ታቅፋለች። ተረቴን መልሱልኝ፤ እኔን ግን ዳገቱን አታስወጡኝ።