ወደ ማግሥቱ የተዛወረ ተዝካር

«አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ፣ ችኩል ባለጠጋ።»

እማሆይ ወለተ ኪዳን እንዲህ ብለው ጀመሩልኝ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ለማኅበር ጠላ ጌሾ ይሸመጥጡ ነበር። የጠየቅኳቸው ይህን ነው፦ «እማሆይ፣ አንድ ነገር በሆነበት ቀን ባይነገርና በሌላ ቀን ቢነገር ምን ይጎዳል?»

ጥያቄው ከሜዳ አልመጣም። በትምህርት ቤታችን ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ «ዕለቱ በታሪክ» የሚባል ይነበባል፤ በዚህ ቀን እገሌ ነገሠ፣ በዚህ ቀን ይህ ከተማ ተቆረቆረ እየተባለ። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። ሚያዝያ ሰባት ባሕር ማዶ አንድ ትልቅ መርከብ የሰመጠበት ቀን ነው። ሚያዝያ ሰባት ደብሪቱም የሞተችበት ቀን ነው። ደብሪቱ ከጎኔ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች። የክፍላችን ግድግዳ መሰንጠቁን ተማሪው ሁሉ ያውቅ ነበር። ለዳይሬክተሩ ተነገረው። «ፈተናው እስኪያልፍ ቻሉት» አለ። ከፈተናው በፊት ግድግዳው ወደቀባት።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ከመርከቡ ቀጥዬ ስለ እሷ ላነብ ጻፍኩ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አየና አልተቆጣም። «ጎበዝ። ግን ያን ቀን ከዞን እንግዶች አሉብን። ለዓመቱ መዝጊያ የኅሊና ጸሎት እናደርግላታለን፤ ያኔ ታነቢዋለሽ» አለኝ። የመርከቡ ሰዎች በቀናቸው ይነበቡ፣ ደብሪቱ ትጠብቅ ማለቱ ነው። እኔ ግን ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር።

እማሆይ ቀጠሉ።

ይህ ባለጠጋ በወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ አሠራ። ለኅዳር ሚካኤል ሊያስመርቅ እንግዳ ጠራ፣ በሬ አሳረደ። ቀኑ ሲደርስ ድንጋዩ ተገጥሟል፤ ከሥር ደግፎ የያዘው ግንድ ግን ገና አልወጣም። ግንበኛው «ጌታዬ፣ ግንዱ ዛሬ አንዱ፣ ነገ አንዱ እየተባለ ነው የሚወጣው። ባንዴ ከተነቀለ ሰው ይበላል» አለው።

«እንግዳዬ ግንድ ሊያይ ነው እንዴ የመጣው? ንቀለው!»

ግንበኛው ገብቶ ነቀለ። ድልድዩ ቆመ፤ ግንዱ ግን ተከታትሎ እሱ ላይ ወረደ። በጋቢ ሸፍነው ከቁጥቋጦ ኋላ አጋደሙት። እንግዳው ከበሮ እያስመታ ተሻገረ።

ከዚያ ወዲያ ኅዳር ሚካኤል በዚያ አገር የድልድዩ ቀን ሆነ። በየዓመቱ ይታረዳል፣ ይጨፈራል፣ «በዚች ቀን ጌታችን ድልድይ አቆሙ» ይባላል።

ግንበኛው አራስ ሚስት ነበረችው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ባለጠጋው ራሱ ቤቷ ድረስ መጣ። ክፉ ቃል አልተናገረም። «እቴ፣ ያን ቀን ካህናቱም ጎረቤቱም እኔ ጋ ናቸው። ተዝካርሽን ማን ሊበላልሽ ነው? ለማግሥቱ አድርጊው። ወይፈኑን እኔ እሰጣለሁ። ለሟች ነፍስ አንድ ቀን ምኗ ነው?»

ሴትዮዋ ደኻ ናት። ሰው የሌለበትን ዳስ ፈራች። እሺ አለች።

ተዝካሩ አማረ። በዓመቱም ወይፈን መጣ፣ በዓመቱም እንደዚሁ። የሚካኤል ማግሥት እግዚአብሔር አብ ነው፤ ሰው ቀን የሚያውቀው በታቦት ነውና ግንበኛው «የእግዚአብሔር አብ ለት የሞተው» ተባለ። በእግዚአብሔር አብ ለት ደግሞ ድልድዩ ጋ ምንም አልሆነም። ታዲያ በምን ሞተ? አንዱ ወባ ነው አለ። ሌላው ጠጪ ነበር፣ ሰክሮ ገደል ገባ አለ። ግንድ ያለ ግን አልተገኘም።

የግንበኛው ልጅ አደገች። አንድ ኅዳር ሚካኤል ከበሮ ስትመታ ውላ፣ አፏ ቅባት እንደሆነ ወደ ቤት እየሮጠች መጣች። «እማዬ፣ አባዬ እኮ የድልድዩን ቀን አይቶ ነው የሞተው! ታድሎ! ከጌቶች ጋር ጨፍሮ፣ ጠጥቶ፣ በማግሥቱ ታመመ አሉ።»

እማሆይ እዚህ ላይ የጌሾውን ቅጠል ከእንጨቱ ጋር ቀጭ አደረጉት። ያን ጊዜ አልገባኝም። ልጅ ወልጄ ካጠባሁ በኋላ ነው ይህች ቃል የምታንገበግበኝ። ባሏን ገደሉባት፤ መግደላቸው አልበቃ ብሎ በገዛ ልጇ አፍ «ታድሎ» አስባሉባት።

በዓመቱ ሴትዮዋ ወይፈኑን መለሰች። ካላት እህል ዳቦ ጋገረች። በኅዳር ሚካኤል ጠዋት ተሸክማው ሄደችና ድልድዩ መካከል አውርዳው ከጎኑ ተቀመጠች። ባለጠጋው በበቅሎ፣ ከኋላው ካህናቱና እንግዶቹ፣ ከእነሱ ኋላ ከበሮው ደረሰ።

«ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ተዝካርሽ ነገ አይደለም?»

«ባሌ ነገ አልሞተም።»

«ዝም በይ! እንግዳ ፊት ነው ያለሁት!»

«እሱም እንግዳ ፊት ነው የሞተው!» አለች። ያን ቀን አንተ አለችው። «አንተ ንቀለው ስትል እንግዳህ ይሰማ ነበር። እዚህ፣ በቅሎህ ከቆመችበት ሥር! ወይፈን የሰጠኸኝ ለነፍሱ መስሎኝ፤ ሞቱን ከደጅህ አስነሥተህ ወዲያ ልታስጥለኝ ኖሯል። በሉ፣ ዳቦውን ቁረሱና ነፍስ ይማር በሉ። አለዚያ በላዬ እለፉ!»

ካህናቱ መሬት መሬት አዩ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳለ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ከኋላ ከበሮው ቆመ፤ ልጅቱ ከበሮውን አስቀምጣ በሰው መሐል ሹልክ ብላ መጣች። እናቷን አየቻት። ቀና ብላ ባለጠጋውን አየችው። ከዳቦው ቆረሰችና «ነፍስ ይማር» አለች። ያኔ አንድ ሽማግሌ ቆረሰ። ከዚያ አንዲት ሴት። ከዚያ ካህናቱ አፈሩና ቆረሱ።

«ባለጠጋው ተጸጸተ አልልሽም» አሉኝ እማሆይ። «በቅሎውን አዙሮ ቁልቁል ወረደና በመልካው ተሻገረ። እስኪሞት ድረስ እንደወፈረ ኖረ። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ በኅዳር ሚካኤል ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ ማን ከሥሩ እንደቀረ ያውቃል።»

ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ባለጠጋው የናንተ ዳይሬክተር ነው። አታንብቢ አላለሽም፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ወይፈኑ የኅሊና ጸሎቱ ነው፤ ያምራል፣ ያጠግባል። ከበሮ መቺዋ ልጅ ደግሞ ነገ እዚያ ክፍል የሚገቡት ሕፃናት ናቸው። ደብሪቱ ማን ነበረች ሲሉ፣ ድሮ ታማ የሞተች ናት ይሏቸዋል። እነሱም አዲስ የተሰነጠቀ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። የሞተን ሰው ከቀኑ ስታነሺው ከገደለውም ታነሺዋለሽ፤ ጉዳቱ ይኸው ነው። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ግን እኔ አልነግርሽም። በይ ሂጂ፣ ሥራ አታስፈቺኝ።»

ሚያዝያ ሰባት ጠዋት የዞኑ እንግዶች ከሰንደቁ ሥር በወንበር ተደርድረው ነበር። መርከቡን አነበብኩ፤ አጨበጨቡ። «አምና በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ግቢ» ብዬ ስቀጥል ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን አስጠፋው። ወደ ሰልፉ ጠጋ አልኩና ከስሟ እንደገና ጀመርኩ።