ሙሄ የሰጠው ቁልፍ

ደሴ ውስጥ፣ ልጁን እየተቆጣ የጠየቀውን ሁሉ የሚያደርግለት አባት ሲታይ ሰዎች የሚወረውሯት አጭር አባባል አለች። ብዙው ሰው እየሳቀ ነው የሚላት። መነሻዋን የሚያውቁ ግን አይስቁም።

ነገሩ የተጀመረው ሙሄ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሙሄ እጁ የተባረከ መካኒክ ነበር። አብሮ አደጉ አበጋዝ ከአባቱ የወረሳትን፣ ስልሳ ዓመት ያለፋትን አውቶሞቢል አምጥቶ፣ «የድሮ ሞተሯን አውጣና ጉልበተኛ ግጠምልኝ» አለው። ሙሄ ሁለት ወር ለፋባት። ሞተሩ ሲነሳ ፒያሳ ድረስ ይሰማል። ሲሞክራት ግን አንድ ነገር አልጥመው አለ፤ ፍሬኑ ሦስት አራቴ ሲረገጥ ፔዳሉ ደርቆ አይዝም።

ሐሙስ ዕለት አበጋዝ ሊወስዳት መጣ። እሁድ የወንድሙ ሠርግ ኮምቦልቻ ነው።

«አትወስዳትም» አለው ሙሄ። «ፍሬን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዘው ሰርቮ የሚባለው ዕቃ ጉልበት የሚያገኘው ሞተሩ ከሚስበው አየር ነው። ይኼ ሞተር መሮጡን ይሮጣል፤ ስበቱ ግን ለፍሬኑ አይበቃም። ለብቻው አየር የሚስብ ፓምፕ አዝዣለሁ። ስምንት ቀን ታገሠኝ።»

«ሠርጉስ ይታገሠኛል?»

«በዚች መኪና ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ብትወርድ ትሞታለህ።»

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ደግሞ እስቲ አስበው፣ ሙሄ። ሠርገኛው ፊት ሳቆማት ‹ማን ሠራት?› የማይል አለ?»

ሙሄ ዞሮ መኪናዋን አየ። ስሙን ሰምተው ከአዲስ አበባ ድረስ መኪና የሚያመጡለት ሰዎች ታዩት። «ነግሬሃለሁ፤ እኔ የለሁበትም» አለና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ጋራዡ ደጃፍ ጎማ የሚጠግኑት ጋሽ ይመር ቀና ብለው አዩ፤ ምንም ሳይሉ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እሁድ ጠዋት አበጋዝ ሚስቱን ዘምዘምን ከጎኑ አስቀምጦ የሐረጎን ቁልቁለት ተያያዘው። የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች በደህና አለፈ። አራተኛው ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሩ ቆመበት፤ መኪናዋ ግን ፍጥነቷን ጨመረች። ገደሉን ሸሽቶ ከተራራው ጋር አላተማት። ተራራው በዘምዘም በኩል ነበር።

የዘምዘም ለቅሶ ላይ አበጋዝ ክንዱ በጄሶ ታስሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የዘምዘም ወንድሞች አጠገቡ አልተቀመጡም። ሙሄ ሽማግሌዎቹ መካከል ሆኖ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ይናገራል፤ «ነግሬው ነበር። ትሞታለህ እስከማለት ደርሼ ነበር። አልሰማ አለ።» ሰዎች ከንፈራቸውን እየመጠጡ አበጋዝን በጎሪጥ ያዩታል። ሙሄ ቢያወራው የሚቀለው መስሎት ደጋግሞ አወራው። አልቀለለውም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ይመር ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ አያቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎም ነበሩ» አላቸው። «ነግሬው አልነበረም?»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። 

«ነግረኸዋል» አሉ። «እኔም እየሰማሁ ዝም ብያለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ከዚያም የሙሄን ቀኝ እጅ ትክ ብለው እያዩ፣ ለአበጋዝም ለዘምዘም ወንድሞችም በሚሰማ ድምፅ፣ «አፉ ከለከለ፣ እጁ አቀበለ» አሉ።