የማኅበሩ ድግስ ምርቃት

አቶ ባንተይርጉ ቤት እየሠሩ የሚሸጡ ባለሀብት ነበሩ። ቤቶቹን ሸጠው ቢጨርሱም ከመንደሩ ግን አልወጡም። የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ ራሳቸው፣ ገንዘብ ያዡ ወንድማቸው፣ ተቆጣጣሪዋ ደግሞ ባለቤታቸው ናቸው። ነዋሪው ለጥበቃና ለውሃ በየወሩ ያዋጣል፤ ጥበቃው ግን ሲተኛ ይውላል፣ ውሃውም የሚመጣው በቦቴ ነው። «መዋጮአችን የት ገባ? ሂሳቡን ያሳዩን» ሲሏቸው «በቤተሰብ መካከል ደግሞ ምን ሂሳብ አለ!» ብለው ይቆጣሉ።

ጥያቄው ሲበዛባቸው አንድ እሑድ ሁለት በሬ ጥለው ለነዋሪው ድል ያለ ድግስ ደገሱ። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲጠግብ፣ «ሂሳብ፣ ሂሳብ» እያለች መቀመጫ ያሳጣቻቸውን አንዲት አፈኛ ባልቴት ከሁሉ መርጠው አስነሡ።

«እማማ፣ በዕድሜ ታላቃችን እርስዎ ነዎት፤ ይመርቁን እንጂ» አሏት። በሰው ፊት የመረቀ አፍ ነገ ተመልሶ እንደማይከሳቸው ያውቃሉ።

ባልቴቷ ነጠላዋን አስተካክላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«የዚህን ድግስ ወጪ የቻለውን እጁን ይባርክለት!»

«አሜን!» አለ ሰዉ።

«የወጣውን ይተካለት፣ የጎደለውን ይሙላለት!»

«አሜን! አሜን!» አሉ አቶ ባንተይርጉ፣ ከሁሉም በላይ ጮኸው።

ባልቴቷ እጇን እንደዘረጋች ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጌታዬ፣ ምርቃቱ የሚደርሰው ወጪውን ለቻለው ነው። እስቲ በሬዎቹ በማን ገንዘብ እንደተገዙ ሂሳቡን ያውጡና እንየው። በመዋጮአችን ከሆነ፣ አሜኑን እንኳ ይመልሱልን።»